ሙሉውን ጂን በእርሾ ይዞ በሰው ህዋስ ማሠራት፤ የሞከራችሁ ካላችሁ ምከሩኝ

ሰብለ ከበርሊን • ጥቅምት 4

ሰላም ለሁላችሁ። የዶክትሬት ተማሪ ነኝ፣ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። አንድ ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው የምጽፈው።

የምሠራው ቢአርሲኤ1 በሚባለው ጂን ላይ ነው። የጡትና የኦቫሪ ካንሰር በዘር ሲተላለፍ ቀድሞ ስሙ የሚነሳው እሱ ነው። ደማቸውን ለጥናቱ በፈቃዳቸው የሰጡ ሁለት እህትማማቾች አሉ። የአገራችን ልጆች ናቸው። ታላቅየዋ ታማለች። ሁለቱም ላይ አንድ ለውጥ ተገኝቷል፤ የምርመራው ወረቀት ግን «ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ» ነው የሚለው። ለውጡ ያለው ኢንትሮን ውስጥ ነው፣ ማለት ፕሮቲን በማይጻፍበት የጂኑ መሐል ክፍል፤ ፕሮቲኑ ከሚጻፍበት ከኤክሶኑ ጫፍ ራቅ ብሎ። ታናሽየዋ «ጡቴን ላስወጣው ወይስ ልጠብቅ?» ብላ ትጠይቃለች። መልስ የሚሰጣት የለም።

እኔ እስካሁን የሞከርኩት በሲዲኤንኤ ነው፣ ኢንትሮኑ ወጥቶ ባጠረው ቅጂ። ቢአርሲኤ1 የሌላቸው ህዋሶች ውስጥ አስገባሁት። በመጀመሪያው ሳምንት ፕሮቲኑ ሞልቶ ይታያል። በሦስተኛው ሳምንት ግን የተረፉት ህዋሶች ዘግተውታል። ደግሞስ ሲዲኤንኤ ውስጥ ኢንትሮን የለ፤ የእህትማማቾቹን ለውጥ በምን ልፈትነው?

አማካሪዬ «ሙሉውን ጂን ከነኢንትሮኑ ያዥው» አለኝ። አንድ ሰው ደግሞ እርሾ እንደሚችለው ነገረኝ። እኔ ከ10 ሺህ ፊደል በላይ የሆነ ዲኤንኤ ይዤ አላውቅም። ከየት ልጀምር?


ጋሽ እርሾ (ሜሪላንድ) • ጥቅምት 5

ሰብለ፣ እንኳን ጻፍሽ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሃያ ዓመት ያህል ከእርሾ ጋር ነው የኖርኩት። ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር አንብቢያቸው።

የገጠመሽ ነገር የእጅሽ ጥፋት አይደለም። ቢአርሲኤ1 በክሮሞሶም 17 ላይ 81 ሺህ ፊደል ያህል ቦታ ይዞ ተዘርግቷል። ፕሮቲኑ የሚጻፍበት ክፍል ግን 5,600 ፊደል ገደማ ብቻ ነው። ሲዲኤንኤ ማለት ያቺ 5,600 ናት። የቀረውን ጥለሽዋል፤ ኢንትሮኑን፣ የራሱን ፕሮሞተር (ማብሪያ)፣ መቼና ምን ያህል እንደሚሠራ የሚወስነውን ሁሉ። በምትኩ ከቫይረስ የተወሰደ ፕሮሞተር ገጥመሽለታል። ያ ፕሮሞተር እንደተሰበረ ቧንቧ ነው፣ ማቆም አያውቅም። ቢአርሲኤ1 ደግሞ ሲበዛ ህዋሱን ይጎዳል። ስለዚህ በሦስተኛው ሳምንት የምታያቸው ቧንቧውን የደፈኑት ህዋሶች ናቸው።

ይህ የቢአርሲኤ1 ጠባይ ብቻ አይደለም። ቤታ ግሎቢንን ተመልከቺ። ጂኑ ራሱ 1,600 ፊደል ገደማ ነው፣ ትንሽዬ። ለብቻው አይጥ ውስጥ ሲገባ ግን በጭላንጭል ነበር የሚሠራው። ዋናው ማብሪያው በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ፊደል ርቆ ነው የተቀመጠው። ይህ በ1987 ከታወቀ በኋላ ሰዎች አካባቢውን በሙሉ፣ 248 ሺህ ፊደል፣ በእርሾ ይዘው አይጥ ውስጥ አስገቡት። ያኔ ነው ጂኖቹ በጽንስ ጊዜና ከዚያ በኋላ እንደ ሰው ወግ ሲፈራረቁ የታየው።

አሁን ወደ እርሾው። እርሾ አንድ ግሩም ልማድ አለው። የተቆረጠ ዲኤንኤ ውስጡ ከገባ፣ ተመሳሳይ ፊደል ያለበትን ቦታ ፈልጎ ይሰፋዋል። የሰው ህዋስ ብዙ ጊዜ ጫፍና ጫፉን ዝም ብሎ ያጣብቃል። እርሾ ግን አመሳስሎ ነው የሚሰፋ። በ1987 ሴንት ሉዊስ ውስጥ በርክ፣ ካርልና ኦልሰን ትልልቅ የሰው ዲኤንኤ ቁራጮችን ሴንትሮሜርና ቴሎሜር (የክሮሞሶም ወገብና ጫፍ) ገጥመውላቸው እርሾው እንደራሱ ክሮሞሶም እንዲያሳድጋቸው አደረጉ። ያክ የሚባለው እሱ ነው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ፊደል ይሸከማል፤ ሚሊዮን ያለፉም አሉ። ችግሩ፣ ከያኮቹ ብዙዎቹ የሁለት የተለያዩ ቦታዎች ቅጥያ ሆነው ተገኙ። የክሮሞሶም 4 ቁራጭ ከክሮሞሶም 11 ጋር ተሰፍቶ ታገኚዋለሽ።

ላንቺ የሚሆነው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው፣ ታር ይባላል። ላሪዮኖቭና ኩፕሪና ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1996 ያወጡት ዘዴ ነው። በዓመቱ ቢአርሲኤ2ን በዚሁ መንገድ ቀጥታ ከሰው ጂኖም አወጡት። ቢአርሲኤ1ም በዚሁ መንገድ ተይዟል። የጂኖሙን ቁራጮች ሁሉ በክሎን መሰብሰብ የለም፣ ሺህ ክሎን ማገላበጥ የለም። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ቬክተርሽ፣ ተሸካሚው ዲኤንኤ፣ ሁለት መንጠቆ ይኖረዋል። አንዱ ከጂኑ በፊት ካለው ፊደል ጋር የሚመሳሰል፣ ሌላው ከጂኑ በኋላ ካለው ጋር። 60 ፊደል ያህል ርዝመት ለመንጠቆ ይበቃል። ቬክተሩንና ከደም የወጣውን ሙሉ የሰው ዲኤንኤ አንድ ላይ ለእርሾው ትሰጪዋለሽ። እርሾው መንጠቆቹን ከቦታቸው ጋር አመሳስሎ ይሰፋል። መሐል ያለው ጂን እንዳለ ተይዞ ይቀራል።

የምወደው ብልሃት ይኼ ነው። ቬክተሩ የመባዣ መነሻ የለውም። ለብቻው ከተጣበቀ አይባዛም፣ ኮሎኒ አይሰጥም። የሰው ዲኤንኤ ውስጥ ግን እርሾው እንደ መባዣ መነሻ የሚቀበላቸው ቦታዎች በየአሥር ሺዎቹ ፊደል አሉ። ስለዚህ የሚያድገው የሰው ዲኤንኤ የያዘው ነው።

ለእህትማማቾቹ ደግሞ ይህን ልብ በይ። ሰው ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ ቅጂ አለው። አንዱ የእርሾ ኮሎኒ የሚይዘው አንዱን ቅጂ ነው። ለውጡ ያለበትና የሌለበት ለየብቻቸው ይወጡልሻል፣ ከአንድ ሰው ደም። ከዚያ የተሻለ ማነጻጸሪያ ከየት ይመጣል?


ብርቄ ከሃይፋ • ጥቅምት 5

ጋሼ፣ ደስ ይላል የጻፉት። ግን ልጅቷን ረጅም መንገድ እየላኳት አይደለም? ቢአርሲኤ1ን የያዘ ባክ፣ ማለት ባክቴሪያ የሚሸከመው ትልቅ ዲኤንኤ፣ ተገዝቶ በፖስታ ይመጣል። በባክቴሪያ ውስጥ ስለሆነ እስከ 300 ሺህ ፊደል ይሸከማል፣ ይጠራል፣ አይበጣጠስም። ለውጡን እዚያው ባክቴሪያው ውስጥ አመሳስሎ በመተካት፣ በሪኮምቢኒሪንግ፣ ማስገባት ይቻላል። እኔ ቴክኒሺያን ነኝ፣ በዓመት ብዙ እንሠራለን። እርሾን ለመፍራት ምክንያት አለኝ።

እዚህ አገር 185ዴልኤጂ የሚባለው የቢአርሲኤ1 ለውጥ በአሽከናዚ አይሁዶች ዘንድ የታወቀ ስለሆነ መልሱ ወዲያው ነው። የእኛ ልጆች ሲመጡ ግን «ትርጉሙ አልታወቀም» የሚል ወረቀት ይበዛል። አፍሪካዊ ዘር ካላቸው ሰዎች የተሰበሰበው መረጃ ስለሚያንስ ነው። ስለዚህ ሰብለ፣ የጀመርሽው ሥራ ልቤን ነክቶታል። መንገዱ አጭር ቢሆን ብዬ ነው።


ጋሽ እርሾ • ጥቅምት 6

ብርቄ፣ ያልሽው ትክክል ነው። ሰብለ የምትፈልገው ጤነኛውን ጂን ብቻ ቢሆን ባኩን ትግዛ ነበር የምለው። አንድ ቀን እንኳ አታባክኚ እላት ነበር።

ግን ባኩ የሌላ ሰው ነው። የእህትማማቾቹ ቅጂ ከለውጡ ውጪ ሌሎች በደርዘን የሚቆጠሩ ትንንሽ ልዩነቶች ይኖሩታል። ያንን አንዱን ለውጥ ብቻ ባኩ ላይ ብትጽፊው፣ ከጎኑ ያሉት ልዩነቶች አብረው የሚሠሩት ነገር ካለ ያመልጥሻል። ቤተሰቡ የያዘውን ቅጂ እንዳለ መያዝ የሚችለው ታር ነው። ሁለቱንም ብትሠራ ደግሞ ደስታዬ ነው፤ ባኩ መነጻጸሪያ ይሆናታል።


ደረጀ ላብ • ጥቅምት 6

ሰላም። ቢአርሲኤ1 ላይ ሠርቻለሁ። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። ከጂኑ መነሻ በላይ ጥቂት አሥር ሺህ ፊደል ርቆ የቢአርሲኤ1 የውሸት ቅጂ አለ። የመጀመሪያዎቹን ኤክሶኖችና አካባቢያቸውን ደግሞ ይዟል። የፊት መንጠቆሽን እዚያ ድግም ላይ ካስቀመጥሽው እርሾው የትኛውን ልያዝ ብሎ ይምታታል። መንጠቆሽ ጂኖም ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ የሚገኝ መሆን አለበት። ሳታረጋግጪ እንዳታዢ።

ሌላው፣ ከቢአርሲኤ1 ፊደል 40 በመቶ በላይ የሚሆነው አሉ የሚባለው ተደጋጋሚ ቁራጭ ነው። እርሾው ሁለት አሉዎችን አመሳስሎ መሐሉን ሊያወጣው ይችላል። የያዝሽው ሁሉ ሙሉ ነው ብለሽ አትመኚ። ርዝመቱን ለኪ፣ ረጅም ዲኤንኤ በሚያነበው መሣሪያ፣ በናኖፖር አንብቢው።


ሰብለ ከበርሊን • ጥቅምት 7

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደረጀ፣ መንጠቆዬን በትክክል እዚያው ድግሙ ላይ ነበር የሳልኩት። ዛሬ ላዝ ነበር። አዳንከኝ።

ጋሼ፣ የእርሾውን ሥራ ራሱን ቢነግሩኝ? ፕሮቶኮሉን አንብቤዋለሁ። የማይጻፈው ነገር ግን ይበልጥብኛል።


ጋሽ እርሾ • ጥቅምት 8

የማይጻፈውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ዲኤንኤው። ከደም ስታወጪው አትነቅንቂው፣ በጠባብ ጫፍ አትምጠጪው። የፒፔቱን ጫፍ በመቀስ ቁረጪና አስፊው። ጥሩ ዲኤንኤ ስታነሺው እንደ ተልባ ውሃ ይለጠጣል። እንደ ውሃ ጠብ ካለ ተበጣጥሷል፤ ጣይውና እንደገና ጀምሪ። 81 ሺህ ፊደል ሙሉ ሆኖ የሚገኘው ከዚያ በላይ ረዝመው ከተረፉ ክሮች ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ በተመረጠ ቦታ በሚቆርጠው በክሪስፐር ቁረጪው። እርሾው ውስጥ ሳይሆን ቱቦ ውስጥ፣ ከመንጠቆቹ ቦታ አጠገብ። እርሾ የሚሰፋው የተቆረጠ ጫፍ ሲያገኝ ነው። ድሮ ሳንቆርጥ ስንሠራ ከመቶ ኮሎኒ አንድ ወይ ሁለት ብናገኝ ትልቅ ነገር ነበር። በ2015 የነኩፕሪና ቡድን በክሪስፐር ቆርጦ እስከ 32 በመቶ አደረሰው። ያንን ባነበብኩ ጊዜ ወንበሬ ላይ ዝም ብዬ ቀረሁ። ስንት ሌሊት ነው ኮሎኒ ስለቅም ያደርኩት!

ሦስተኛ፣ የእርሾውን ግድግዳ ማንሳት። ትልቅ ዲኤንኤ የሚገባው ግድግዳው ዛይሞሌዝ በሚባል ኢንዛይም ሲበላ ነው። 30 ዲግሪ ላይ 20 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ፕሮቶኮሉ ላይ 20 ተብሎ ስለተጻፈ ሰዓት አይተሽ አታቁሚው። ኢንዛይሙ በየመጣበት ዕጣ ይለያያል። ከእርሾው ጥቂት ወስደሽ ግማሹን ሶርቢቶል ውስጥ፣ ግማሹን ኤስዲኤስ (ሳሙና) ውስጥ ጨምሪ። ሶርቢቶሉ ውስጥ ያለው እንደ ወተት ደፍርሶ ይቆያል። ኤስዲኤሱ ውስጥ ያለው ግድግዳው የሄደ ከሆነ ይፈነዳና ይጠራል። በመሣሪያው ስታነቢው ልዩነቱ ከ3 እስከ 5 እጥፍ ሲሆን አቁሚ። ካሳለፍሽው እርሾው ይሞታል። ከቀደምሽ ምንም አይገባበትም። በዚህ ሥራ ላይ ሰው የሚወድቀው እዚች ጋ ነው።

ከዚያ በኋላ እርሾው ቆዳው የተላጠ ነገር ነው። ውሃ ካገኘ ይፈነዳል። ሁሉም ነገር ሶርቢቶል ውስጥ ይሁን። ዲኤንኤውንና ፒኢጂውን ጨምረሽ ቱቦውን በቀስታ ገልብጪው፣ አታማቺው። በመጨረሻ ከቀለጠ አጋር ጋር ቀላቅለሽ ፕሌት ላይ ስታፈሺ አጋሩ 50 ዲግሪ ይሁን። ከዚያ ከሞቀ ትቀቅይዋለሽ፣ ከቀዘቀዘ ይጓጉልብሻል። እጅሽን ጠርሙሱ ላይ አሳርፊ፤ ሳያቃጥልሽ ሞቆ የሚሰማሽ እዚያ አካባቢ ነው።

ከዚያ ጠብቂ። ከአምስት እስከ ሰባት ቀን። ኢንኩቤተሩን ስትከፍቺው የዳቦ ሽታ ይመጣል። ኮሎኒዎቹ አጋሩ ውስጥ ተቀብረው ነው የሚያድጉት። የምንጠቀምበት ዝርያ አዴኒን መሥራት ስለማይችል ፈዛዛ ሮዝ ይሆናሉ። 300 ያህል በጥርስ መጎርጎሪያ ልቀሚ። ሠላሳ ሠላሳውን አንድ ላይ ሰብስበሽ በፒሲአር ፈትሺ። አንድ በአንድ አትጀምሪ፣ ትደክሚያለሽ።


የቆላ ልጅ • ጥቅምት 8

ወንድሞችና እህቶች፣ እኔ የሳይንስ ሰው አይደለሁም። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። የሰውን ጂን እርሾ ውስጥ ስታስገቡት እርሾው ምን ይሆናል? የሰው ነገር እርሾ ውስጥ ማደሩ ከእምነቴ አንጻር ቅር ይለኛል። ሳታቄሙብኝ አስረዱኝ።


ብርቄ ከሃይፋ • ጥቅምት 8

ወንድሜ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። እርሾው ያው እርሾ ነው። የሰውን ጂን ይሸከመዋል እንጂ አይጠቀምበትም። ቢአርሲኤ1 ውስጥ ያሉትን ረጃጅም ኢንትሮኖች ቆርጦ ማውጣት አይችልም፤ ፕሮቲኑን ሊሠራው አይችልም። ማንበብ የማይችል ሰው መጽሐፍ ተሸክሞ እንደሚሄደው ነው። የሚነበበው የሰው ህዋስ ውስጥ ሲገባ ነው።

እርሾው እንዲያነብ የሚፈለግበት ጊዜ ደግሞ አለ። ያኔ ኢንትሮን የሌለው አጭር ጂን ይሰጠዋል። ለስኳር በሽታ ከሚወሰደው ኢንሱሊን ከፊሉ እርሾ የሚሠራው ነው። ልጆቻችን በአምስት በአንዱ ክትባት ውስጥ የሚያገኙት የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም በእርሾ የተሠራ ነው። የጉበት ካንሰርን የሚከላከል ክትባት ነው። ይህንን ሳስብ ለእርሾ ያለኝ አክብሮት ይጨምራል።


የቆላ ልጅ • ጥቅምት 9

ገባኝ። ተባረኪ።


የናቲ እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ) • ጥቅምት 11

ጤና ይስጥልኝ። እኔም ባለሙያ አይደለሁም፣ እናት ነኝ። ልጄ ዱሼን የሚባለው የጡንቻ በሽታ አለበት። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ደረጃ መውጣት እያቃተው ነው። እናንተ ሙሉ ጂን ስትሉ ልቤ ዘለለ። ሐኪሞቹ የሚሰጠው ጂን «አጭር የተደረገ» ነው ይሉኛል። ለምን ሙሉውን አይሰጡትም? ይኼ እርሾ ለእሱ አይሆንም?


ጋሽ እርሾ • ጥቅምት 11

እህቴ፣ እግዚአብሔር ናቲን ይማርልዎ። እውነቱን ሳልሸፋፍን እነግርዎታለሁ።

የናቲ ጂን ዲስትሮፊን ይባላል። 2.2 ሚሊዮን ፊደል ያህል ነው፣ ሰው ካሉት ጂኖች ከረጃጅሞቹ አንዱ። ኢንትሮኖቹ ወጥተው የሚቀረው መልእክት እንኳ 14 ሺህ ፊደል ነው። ለሕክምና ጂን የሚያጓጉዘው ቫይረስ ግን የሚይዘው 4,700 ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሳይንቲስቶቹ መሐሉን ቀንሰው አጭር ዲስትሮፊን ሠሩ። በ2023 እዚህ አሜሪካ የተፈቀደው እሱ ነው። ሙሉውን የማይሰጡት ዕቃው ስለማይችለው ነው እንጂ ለልጅዎ ስለነፈጉት አይደለም። ሕክምናው ለየትኛው ልጅ እንደሚሆን፣ በተለይ የጉበት አደጋውን፣ ከሐኪሙ ጋር በደንብ ይነጋገሩበት። በ2025 መራመድ ያቆሙ ልጆች በጉበት ጉዳት ሞተዋል፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም።

ሙሉውን ጂን የያዙ ሰዎች አሉ። ጃፓን ውስጥ ቶቶሪ ዩኒቨርሲቲ፣ 2.4 ሚሊዮን ፊደል ያለውን ሙሉ ዲስትሮፊን ሰው ሠራሽ በሆነ የሰው ክሮሞሶም ላይ ጫኑት። በ2010 ከዱሼን ታማሚ በተገኙ ስቴም ህዋሶች ውስጥም አስገቡት። እሱ በእርሾ በኩል አላለፈም፤ ቀጥታ ከሰው ክሮሞሶም ነው የመጣው። ነገር ግን ይህ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ከላብራቶሪ ህዋስ ወደ አንድ ሕፃን ጡንቻ ሁሉ የሚያደርሰው መንገድ ገና አልተሠራም። እዚህ የምናወራው ሥራ ዛሬ ለናቲ መድኃኒት አይሆንም። እንዲህ ማለት ይከብደኛል። የውሸት ተስፋ ግን ልሰጥዎ አልችልም።


የናቲ እናት • ጥቅምት 12

ጋሼ፣ ሰው እንዲህ አስረድቶኝ አያውቅም። ለምን አጭር እንደሆነ ዛሬ ገና ገባኝ። እናንተ ቀጥሉ። እኔ አነባለሁ።


መርካቶ ላብ • ኅዳር 2

እኔ አዲስ አበባ ነው የምሠራው። ይህ ነገር እዚህ ይቻላል? የእንጀራ እርሾና ይኼ አንድ ናቸው?


ጋሽ እርሾ • ኅዳር 2

የእንጀራ እርሾ የብዙ ዓይነት እርሾና ባክቴሪያ ድብልቅ ነው። እኛ የምንጠቀምበት የዳቦው ነው፣ ጠጅ ውስጥም ያለው እሱ ነው። የላቡ ዝርያ ግን ሂስቲዲን፣ ዩራሲል፣ አዴኒን መሥራት እንዳይችል የተደረገ ነው። የጎደለውን ከቬክተሩ ካላገኘ አያድግም፤ መምረጫችን እሱ ነው።

የእርሾው ክፍል እዚያ ይቻላል። ባለ 30 ዲግሪ ኢንኩቤተር፣ ሴንትሪፉጅ፣ ፒሲአር ካለህ ትጀምራለህ። የሚያስቸግርህ ኢንዛይሙ ቀዝቃዛ ሆኖ መድረሱና የማይቋረጥ መብራት ነው። እኔ በሠራሁበት አንድ ላብ በእረፍት ቀን ፍሪዘር ተበላሽቶ የሁለት ዓመት ክሎን ሟሟ። ሰኞ ጠዋት ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ስከፍት ነበር የዋልኩት። ከዚያ ወዲህ አንድ ክሎን ካገኘሁ በግሊሰሮል አድርጌ ሁለት ሕንፃ ውስጥ ነው የማስቀምጠው። አንተም እንዲያ አድርግ።


ሰብለ ከበርሊን • ጥር 19

ተመልሻለሁ! የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሙከራዎች ዜሮ ሆኑ። ዛይሞሌዙን አሳልፌው ነበር። በሦስተኛው ኤስዲኤሱን በየሁለት ደቂቃው አየሁት። 300 ኮሎኒ ለቀምኩ። ከአሥሩ ስብስብ ሰባቱ ላይ ምልክት አለ። ከዚያ አንድ በአንድ ፈትሼ 11 አገኘሁ።

በናኖፖር አነበብናቸው። ስድስቱ ጤነኛውን ቅጂ ይዘዋል። አራቱ ለውጥ ያለበትን። አንዱ ደረጀ እንዳለው መሐሉ ወጥቷል፣ ሁለት አሉዎች መካከል 9 ሺህ ፊደል የለም። አሥሩ ሙሉ ናቸው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ማታ ብቻዬን ስክሪኑ ላይ ሳነበው አለቀስኩ።

ግሊሰሮሉ ሁለት ሕንፃ ውስጥ ነው፣ ጋሼ። አሁን የሚያስፈራኝ ቀጣዩ ነው። ወደ ሰው ህዋስ እንዴት ላስገባው?


ጋሽ እርሾ • ጥር 20

እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!

ቀጣዩ ከባዱ ነው፣ አልዋሽሽም። ከእርሾ በቀጥታ ብዙ ንጹሕ ዲኤንኤ አይወጣም። ቬክተርሽ የባክ መነሻ ካለው ወደ ባክቴሪያ አሻግሪው። እንዲህ ያለ መጠን በኤሌክትሪክ ንዝረት፣ በኤሌክትሮፖሬሽን፣ ደህና ይሄዳል። ከዚያ ከባክቴሪያው በብዛት አጥሪው።

ህዋሱ ውስጥ ዝም ብለሽ አትበትኚው። ያገኘበት ቦታ ይገባል፣ አንዱ ጋ አንድ ቅጂ፣ ሌላው ጋ አምስት። ያኔ ልዩነቱ ከለውጡ ይምጣ ከቦታው ይምጣ ማን ያውቃል? ሁለት መንገድ አለሽ። አንደኛው ሰው ሠራሽ የሰው ክሮሞሶም ነው፣ ሃክ። ከሌሎች ክሮሞሶሞች ጋር ሳይቀላቀል ለብቻው ይኖራል። ቢአርሲኤ1ን በ2014 እዚያ ላይ ጭነው ቢአርሲኤ1 የሌለው ህዋስ ውስጥ አስገብተውታል። ግን በሃምስተር ህዋስ በኩል ማለፍ አለው፣ ብዙ ወር ይፈጃል። ሁለተኛው፣ ህዋስሽ ውስጥ አስቀድመሽ አንድ ማረፊያ መትከል ነው። ሁለቱም ቅጂ ክሪ ሪኮምቢኔዝ በሚባል ኢንዛይም እዚያው ማረፊያ ላይ ያርፋል። አንድ ቦታ፣ አንድ ቅጂ። ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የእነ ቡከ ቡድን 101 ሺህ ፊደል የሆነ ኤችፒአርቲ1 የሚባል የሰው ጂን እርሾ ውስጥ ገጣጥሞ በ2021 የአይጥ ስቴም ህዋስ ውስጥ እንዳስገባ አውጥቷል። ላንቺ ሁለተኛው ይሻላል።


ደረጀ ላብ • ጥር 21

አር ኤን ኤ ስትለኪ የህዋሱ የራሱ የተበላሸ ቢአርሲኤ1ም ይገለበጣል፣ እንዳይቀላቀልብሽ። ባስገባሽው ቅጂና በህዋሱ መካከል የሚለያይ ፊደል ፈልጊና ፕራይመርሽን እዚያ ላይ አሳርፊ። ሥራውን ደግሞ ኦላፓሪብ በሚባለው የካንሰር መድኃኒት ፈትኚ። ቢአርሲኤ1 የሌለው ህዋስ በኦላፓሪብ በትንሽ መጠን ይሞታል። ጂኑ ከሠራለት ይቋቋማል።


ሰብለ ከበርሊን • ሰኔ 3

ረጅም ጊዜ ጠፋሁ። ማረፊያውን ለመትከል ብቻ ሁለት ወር ፈጀብኝ።

ሁለቱም ቅጂ ገብቷል። ህዋሶቹ ሦስተኛ ሳምንት አለፉ፣ ስድስተኛም አለፉ። አልዘጉትም። ፕሮቲኑ በዌስተርን፣ ፕሮቲን በሚያሳየው ምርመራ፣ ቀጭን ሆኖ ይታያል፣ ጤነኛ ህዋስ ላይ እንደሚታየው። እንደ ሲዲኤንኤው ጠቁሮ አይሞላም።

ትናንት አር ኤን ኤውን በጄል ላይ አየሁት። ጤነኛው ቅጂ አንድ ባንድ ሰጠ። ለውጥ ያለበት ሁለት ሰጠ። አንደኛው ልክ ቦታው ላይ ነው። ሌላው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ መቶ ፊደል ያህል የረዘመ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፣ ያው ነው።


ብርቄ ከሃይፋ • ሰኔ 3

የኢንትሮን ቁራጭ ገብቶ ቀርቶ ይሆን? ኡ! ለእህትማማቾቹ ግን አሁን እንዳትነግሪያቸው። መጀመሪያ የተፈቀደለት የሕክምና ላብራቶሪ ከራሳቸው ደም አር ኤን ኤ ማረጋገጥ አለበት። ታናሽየዋ በአንቺ ጄል ጡቷን ማስወጣት የለባትም።


ሰብለ ከበርሊን • ሰኔ 3

አልነገርኳቸውም። ሐኪማቸውን ብቻ ነው ያናገርኩት። የደም ናሙናውን ለዚያ ላብራቶሪ ራሱ ይልካል።


ጋሽ እርሾ • ሰኔ 4

የላይኛውን ባንድ ከጄሉ ቁረጪና አስነብቢው። ከየትኛው ፊደል እንደሚጀምርና የት እንደሚያቆም ማወቅ አለብሽ። ለውጡ ከጫፉ ላይ ካረፈ ነገሩ ሌላ ነው። ኦላፓሪቡንስ ጀመርሽ?


ሰብለ ከበርሊን • ሰኔ 4

ባንዱን ዛሬ ጠዋት ቆርጬ ልኬዋለሁ። ኦላፓሪቡ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ፕሌቶቹን አሥራ ሁለተኛው ቀን ላይ እቆጥራለሁ።


የናቲ እናት • ሰኔ 4

ሰብለ፣ ስትቆጥሪ ንገሪን። ናቲም እየጠየቀኝ ነው፤ «እርሾው ልጅቱን ረዳት?» ይለኛል።